የዩፎኒየም የኋላ ቱቦዎች፦ አንድ የቆየ የቅኝት መፍትሔ እንዴት ይሠራል?

አሮጌ የብሪታንያ ዩፎኒየም እጁ ገብቶ ጀርባውን ገልብጦ ያየ ሰው አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። እያንዳንዱ ቫልቭ የራሱ ጥምዝ ቱቦ እንዳለው ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ከእነዚህ ሌላ በስተኋላ በኩል ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ቫልቮች ጋር የተያያዙ ትናንሽ ተጨማሪ ቱቦዎች አሉ፤ መሣሪያው በሚነፋበት ጊዜም አብዛኛውን ሰዓት አየር አያልፍባቸውም። ለጌጥ የተሠሩ የሚመስለው አለ፤ በኋላ በጥገና የተጨመሩ የሚመስለውም አለ። ያገለገሉ መሣሪያዎች ሲሸጡም አራት ቫልቭ ያለው ዩፎኒየም ሁሉ እነዚህ ቱቦዎች ካሉት ጋር እኩል ተደርጎ ይወራል። የአራተኛው ቫልቭ መኖርና የእነዚህ ቱቦዎች መኖር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ልዩነቱን ለመረዳት ቫልቭ ራሱ ምን ዓይነት እንከን ይዞ እንደተወለደ ማየት ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ዩፎኒየም ምን ዓይነት መሣሪያ ነው?

ዩፎኒየም ከናስ የሚሠራ፣ ቱባን የሚመስል ነገር ግን በመጠኑ ከቱባ የሚያንስ የትንፋሽ መሣሪያ ነው። ጥምዝምዙ ተፈትቶ ቢዘረጋ ዋናው ቱቦ ወደ 2 ሜትር ከ75 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። የትሮምቦን ርዝመትም ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ልዩነቱ ያለው በውስጥ ስፋታቸው ነው። የትሮምቦን ቱቦ አብዛኛውን ርዝመቱን በእኩል ስፋት ሲጓዝ የዩፎኒየም ቱቦ ግን ወደ ሰፊው አፍ በቀረበ ቁጥር ቀስ በቀስ እየሰፋ ይሄዳል፤ ሞላ ያለውና ለስላሳው ድምፁ የሚመጣው በዋናነት ከዚህ ሾጣጣ ቅርጹ ነው። በብሪታንያው የናስ ባንድ ውስጥ ሁለት ዩፎኒየም ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ ቫዮሊንና ቼሎ በሌሉበት በዚያ ስብስብ መካከለኛና ዝቅተኛ ዜማዎችን እያዜመ የሚሄደው በአብዛኛው ይህ መሣሪያ ነው።

ድምፁ ከየት ይመጣል? ቫልቭስ ለምን አስፈለገ?

ተጫዋቹ ከንፈሩን ማውዝፒሱ (አፍ የሚገጥምበት ጽዋ መሰል ጫፍ) ላይ አድርጎ ሲነፋ ከንፈሩ ይርገበገባል፤ በቱቦው ውስጥ ያለው አየርም አብሮ ይርገበገባል። አንድ ርዝመት ያለው ቱቦ ግን የፈለጉትን ድምፅ ሁሉ አይሰጥም። ዩፎኒየም ምንም ቫልቭ ሳይጫን የሚሰጠው ዝቅተኛው ድምፅ በሴኮንድ 58 ጊዜ ገደማ የሚርገበገበው ቢ ፍላት ነው፤ ተጫዋቹ ከንፈሩን እያጠበቀ ሲሄድ ቀጥለው የሚመጡት ድምፆች የዚህ ቁጥር እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ፣ አራት እጥፍ ናቸው፤ ማለትም ወደ 116፣ 175 እና 233 የሚጠጉ። በመካከላቸው ያለውን ባዶ ቦታ ከንፈር ብቻውን በአግባቡ አይሞላውም።

ባዶ ቦታው የሚለካው በግማሽ ድምፅ ነው። ግማሽ ድምፅ ማለት በፒያኖ ላይ ከአንድ ቁልፍ ወደሚቀጥለው፣ ነጭም ይሁን ጥቁር፣ ያለው ርቀት ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው የተፈጥሮ ድምፅ መካከል የ7 ግማሽ ድምፆች ርቀት ስላለ መሃሉን ለመሙላት 6 ተጨማሪ ድምፆች ያስፈልጋሉ። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ያለው ርቀት ደግሞ 12 ስለሆነ 11 ድምፆች ይጎድላሉ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች፣ 6ን እና 11ን፣ አንባቢው ይያዛቸው፤ ወደፊት ይመለሳሉ።

ከቫልቭ በፊት እንዴት ይሠራ ነበር?

ክፍተቱን ለመሙላት ቀዳሚው ዘዴ የቱቦውን ጎን መብሳት ነበር። በ1590 አካባቢ በፈረንሳይዋ ኦሴር ከተማ ኤድሜ ጊዮም በተባለ የቤተ ክርስቲያን ሰው እንደተሠራ የሚነገርለት ሰርፐንት፣ ከእንጨት ተሠርቶ በቆዳ የተለበጠ እንደ እባብ የተጠማዘዘ መሣሪያ ሲሆን በጣት የሚደፈኑ ስድስት ቀዳዳዎች ነበሩት። ከእርሱ በኋላ የመጣው ኦፊክላይድ ከናስ የተሠራ ነበር፤ ፓሪሳዊው ዣን ኢሌር አስቴ በ1817 ሠርቶት በ1821 የፈጠራ ባለመብትነት አግኝቶበታል፤ ትልልቅ ቀዳዳዎቹ የሚከፈቱትና የሚዘጉት በቁልፎች ነበር።

ኦፊክላይድ መጥፎ መሣሪያ አልነበረም፤ በደህና ተጫዋች እጅ ሲገባ ድምፁ ዛሬም ያስደንቃል። ጉድለቱ አየሩ በአንዳንዱ ድምፅ በመሃል ባለ ቀዳዳ፣ በሌላው ደግሞ በሰፊው አፍ የሚወጣ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ የድምፁ ቀለም ከኖታ ወደ ኖታ ይለዋወጣል። የቫልቭ ሐሳብ ከዚህ ይለያል፤ ቱቦውን ከመብሳት ይልቅ ያስረዝመዋል፤ አየሩም ምንጊዜም በአንዱ ሰፊ አፍ ብቻ ይወጣል።

ቫልቭ መቼ መጣ? ዩፎኒየምስ?

ቫልቭን በ1814 አካባቢ በጀርመን ምድር ያስተዋወቀው የሆርን ተጫዋቹ ሃይንሪሽ ሽቶልዘል ሲሆን፣ በ1818 ከፍሪድሪሽ ብሉመል ጋር በጋራ የፕሩሲያን የባለመብትነት ማረጋገጫ አግኝቷል። በ1835 የወታደራዊ ባንድ መሪው ቪልሄልም ቪፕሬሽትና መሣሪያ ሠሪው ዮሐን ጎትፍሪድ ሞሪትስ በበርሊን የመጀመሪያውን ቱባ አስመዘገቡ። በ1839 ደግሞ ፍራንሷ ፔሪኔ በፓሪስ ያስመዘገበው የፒስተን ቫልቭ ወጣ፤ በዛሬዎቹ ትራምፔቶችና ዩፎኒየሞች ላይ የምናየው ፒስተን በመሠረቱ ያው የእርሱ ነው።

ለዩፎኒየም መነሻ የሚጠቀሰው የቫይማሩ ፈርዲናንድ ዞመር ነው፤ ሥራው በ1843 ይታወቃል፤ በ1851 በለንደኑ ታላቅ ዓውደ ርእይ ላይም መሣሪያውን ራሱ እየተጫወተ ለሕዝብ አሳይቷል። በዚያው ዘመን ቤልጅጋዊው አዶልፍ ሳክስ በፓሪስ ሆኖ ሳክስሆርን የተባሉትን ከትንሽ እስከ ትልቅ የተዛመዱ መሣሪያዎች እየሠራ ነበር። ሳክስ ከተፎካካሪዎቹ ጋር ለዓመታት በፍርድ ቤት ሲካሰስ የኖረ፣ ከአንድ ጊዜ በላይም ለኪሳራ የተዳረገ ሰው ነው፤ ሥራው ግን በብሪታንያ ከማንም በላይ ተስፋፋ። ለዚህ ትልቁን ድርሻ የሚወስዱት ጆን ዲስቲንና ልጆቹ ናቸው፤ ይህ የሙዚቀኞች ቤተሰብ በ1844 በፓሪስ ከሳክስ ጋር ተገናኝቶ መሣሪያዎቹን በብሪታንያ እየዞረ አስተዋወቀ። የዲስቲን የመሣሪያ ሥራ በ1868 ለቡሲ ኩባንያ ተሸጠ፤ የታሪካችን ዋና ሰው፣ የኋላ ቱቦዎቹን ሐሳብ ያወጣው ዴቪድ ጄምስ ብሌይክሊ፣ የሠራውም በዚህ ኩባንያ ውስጥ ነው።

ቫልቭ ቱቦውን የሚያስረዝም ከሆነ ችግሩ የቱ ላይ ነው?

ቫልቭ ሲጫን አየሩ ከዋናው መንገድ ወጥቶ በተጨማሪ ቱቦ ዞሮ ይመለሳል፤ ቱቦው ረዘመ ማለት ድምፁ ዝቅ አለ ማለት ነው። የቫልቮቹ የሥራ ክፍፍል ከጥንት ጀምሮ አንድ ነው፦ ሁለተኛው ቫልቭ ድምፁን በአንድ ግማሽ ድምፅ ያወርዳል፤ አንደኛው በሁለት፤ ሦስተኛው በሦስት። ሲደመሩ 6 ይሆናሉ፤ ይህም ቀደም ብለን የያዝነው የመጀመሪያው ቁጥር ነው። አምስት ግማሽ ድምፆች የሚያወርደው አራተኛ ቫልቭ ሲጨመር ድምሩ 11 ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ሁለተኛው ቁጥር ነው። በወረቀት ላይ እንከን የለሽ ይመስላል።

ችግሩ ግማሽ ድምፅ የተወሰነ ርዝመት የሌለው መሆኑ ነው። አንድ ግማሽ ድምፅ ለማውረድ ቱቦው ካለው ርዝመት ላይ ወደ 6 በመቶ መጨመር አለበት፤ የቱቦው ርዝመት ሲለወጥ ደግሞ የዚያ 6 በመቶ መጠንም አብሮ ይለወጣል። ነገሩ የባንክ ወለድን ይመስላል፦ በ100 ዋና ገንዘብ ላይ 6 የሚከፍል ሰው ዋናው ገንዘብ 133 ሲሆን 8 ሊከፍል ይገባል፤ እርሱ ግን አሁንም ያችኑ 6 ይዞ ቢመጣ ሒሳቡ ይጎድላል። የቫልቭ ቱቦ የተቆረጠው አንድ ጊዜ፣ በአንድ ልክ ነው። ብቻውን ሲጫን ልክ ነው፤ ከሌላ ቫልቭ ጋር ሲጫን ግን መሣሪያው አስቀድሞ ስለረዘመ ያው ቱቦ ያጥርበታል።

ጉድለቱ ምን ያህል እንደሆነ በዩፎኒየም ርዝመት እናስላው። በስሌቱ መሠረት የሁለተኛው ቫልቭ ቱቦ ወደ 16 ሴንቲ ሜትር፣ የአንደኛው 34፣ የሦስተኛው 52፣ የአራተኛው 92 ሴንቲ ሜትር ያህል መሆን አለበት። ሦስቱ አብረው ሲጫኑ 102 ሴንቲ ሜትር ይጨምራሉ፤ ስድስት ግማሽ ድምፆችን በትክክል ለማውረድ የሚያስፈልገው ግን 114 ነው። አሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር ጎደለ ማለት ድምፁ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ይወጣል ማለት ነው፤ ጆሮው ያልሠለጠነ ሰው እንኳ ከሌሎች ጋር ሲነፋ እንደማይስማማ ይሰማዋል። አራቱም ሲጫኑ ጉዳዩ ይብሳል፤ የሚያስፈልገው 244 ሴንቲ ሜትር፣ የሚገኘው 194 ነው። የ11 ግማሽ ድምፆች ውጤት የተጠበቀበት ጭነት ከ9 እምብዛም አያልፍም። ስለዚህ ተራ ባለ አራት ቫልቭ ዩፎኒየም ከመሠረታዊው ድምፅ በላይ ባለው ክፍተት ውስጥ ጨርሶ የማያገኘው ኖታ ይኖረዋል፤ ሌሎቹም ከቅኝት ይወጣሉ። ይህ ከሠሪው ችሎታ ማነስ የመጣ ሳይሆን በቫልቭ አሠራር ውስጥ ያለ የሒሳብ ግዴታ ነው።

ከብሌይክሊ በፊት የተሞከሩት መፍትሔዎች ምን ነበሩ?

ቀላሉ ሁሉንም በከንፈር ማስተካከል ነው፤ ተጫዋቹ ከንፈሩን አላላ አድርጎ ድምፁን ወደ ታች ይጎትተዋል። ለትንሽ ስሕተት ይህ ይበቃል፤ ለ12 ሴንቲ ሜትር ጉድለት ግን የድምፁን ጥራት ያስከፍላል። ሌላው ሦስተኛውን ቱቦ ሆን ብሎ ትንሽ ማስረዘምና ያንን ቫልቭ ለብቻው አለመጠቀም ነው። ሳክስ በበኩሉ ቫልቮች ፈጽሞ እንዳይደመሩ በማሰብ ስድስት ነጻ ቫልቮች ያሏቸው መሣሪያዎችን ሠርቷል፤ እያንዳንዱ ቫልቭ ለራሱ ብቻ ልኩን የጠበቀ ርዝመት ይሰጣል። በሒሳብ ረገድ ከሁሉም የጠራው ይህ ይመስለኛል። ነገር ግን መሣሪያው ከበደ፤ ተጫዋቹም የለመደውን የጣት አያያዝ ጥሎ እንደ አዲስ መማር ነበረበት፤ ስለዚህ አልተስፋፋም። ዛሬም ቱባ ሠሪዎች አምስተኛና ስድስተኛ ቫልቭ እየጨመሩ፣ ተጫዋቾችም በግራ እጃቸው ተንሸራታች ቱቦዎችን እየሳቡ ያንኑ ጉድለት ይሸፍናሉ።

የብሌይክሊ ማካካሻ እንዴት ይሠራል?

ዴቪድ ጄምስ ብሌይክሊ በቡሲ ፋብሪካ የሠራ የድምፅ ሳይንስ አዋቂ ነበር። በ1874 ያወጣው ሐሳብ ተጫዋቹ ምንም አዲስ ነገር ሳይማር መሣሪያው ራሱ ጉድለቱን እንዲሞላ የሚያደርግ ነው፤ በእንግሊዝኛ ኮምፐንሴቲንግ ይሉታል፤ እኛ ማካካሻ እንበለው።

በባለ አራት ቫልቩ መሣሪያ አየሩን እንከተለው። አራተኛው ቫልቭ ካልተጫነ አየሩ በሦስቱ ቫልቮች አንድ ጊዜ አልፎ ወደ ሰፊው አፍ ይሄዳል፤ የኋላ ቱቦዎቹን አያገኛቸውም። አራተኛው ሲጫን አየሩ በ92 ሴንቲ ሜትሩ ቱቦ ይዞርና በቀጥታ ከመውጣት ይልቅ እንደገና ወደ ሦስቱ ቫልቮች ይመለሳል፤ በዚህ ሁለተኛ ጉዞው የሚያልፈው በፒስተኖቹ ውስጥ ለዚሁ በተበሱ ሌሎች ቀዳዳዎች ነው። ከሦስቱ አንዱም ካልተጫነ ያለ ጭማሪ ያልፋል። አንዱ ከተጫነ ግን ከኋላ ወዳለው ትንሽ ቱቦ ይገባና የጎደለውን ርዝመት ይዞ ይወጣል። የሁለተኛው ቫልቭ ትንሽ ቱቦ 5 ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ የአንደኛው 11፣ የሦስተኛው 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ እያንዳንዱ የአራተኛው ቱቦ ርዝመት የጠየቀውን ተጨማሪ በመቶኛ ያህል ብቻ ነው። አንድ ፒስተን በአንድ የጣት ግፊት ሁለት ቱቦ ይከፍታል፤ ሁለተኛው ቱቦ የሚሠራው ግን አራተኛው ቫልቭ በተጫነ ጊዜ ብቻ ነው። ብልሃቱ በሙሉ ይህ ነው።

በባለ ሦስት ቫልቭ መሣሪያዎች ላይ ደግሞ የአራተኛውን ሥራ ሦስተኛው ቫልቭ ይሠራል፤ እርሱ ሲጫን አንደኛውና ሁለተኛው ማካካሻቸውን ያገኛሉ። ስለዚህ ሦስት ቫልቭ ብቻ ያለው መሣሪያ ማካካሻ ሊኖረው፣ አራት ያለውም ላይኖረው ይችላል።

ሥርዓቱ ፍጹም አይደለም። በባለ አራት ቫልቩ መሣሪያ ላይ ሦስቱ ቫልቮች እርስ በርሳቸው የሚፈጥሩት ጉድለት እንዳለ ይቀራል፤ በዚህም የተነሳ አራቱም ሲጫኑ በስሌት 16 ሴንቲ ሜትር ያህል አሁንም ይጎድላል። ያም ሆኖ ከ50 ወደ 16 መውረዱ ቀላል አይደለም፤ ቀሪውን ሠሪው ሦስተኛውን ቱቦ በጥቂቱ በማስረዘም፣ ተጫዋቹም በከንፈሩ ይሸፍኑታል።

ለምን በብሪታንያ ይህን ያህል ሥር ሰደደ?

በብሪታንያ የናስ ባንዶች በብዛት የተመሠረቱት በማዕድን ማውጫዎች፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎችና በመንደሮች ሲሆን ሕይወታቸው ውድድር ነበር። በ1853 በማንቸስተር ቤል ቩ የተጀመረው ውድድር ለዚህ ዋናው ምልክት ነው። ዳኞች ማን እንደሚጫወት እንዳያዩ ተከልለው ይቀመጣሉ፤ ባንዶቹም አንድ ዓይነት ድርሰት ይጫወታሉ። ዓይን በሌለበት የሚፈርደው ጆሮ ብቻ ስለሆነ ከቅኝት የወጣች አንዲት ዝቅተኛ ኖታ ነጥብ ታስቀንሳለች።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ለእኔ ይህኛው ይበልጥ ያሳምነኛል። በእነዚህ ባንዶች ከባስ ትሮምቦን በቀር የናስ መሣሪያዎቹ ሁሉ ኖታ የሚጻፈው በአንድ ዓይነት የኖታ መነሻ ምልክት፣ በትሬብል ክሌፍ ነው፤ የቫልቮቹ የጣት አያያዝም አንድ ነው። ትራምፔት መሰሉን ኮርኔት የሚነፋ ሠራተኛ የዩፎኒየም ተጫዋች ሲጎድል ወንበሩን ቀይሮ ያንኑ ጣት ይዞ ይጫወታል። ይህን ልማድ የሚያፈርስ ማንኛውም ፈጠራ፣ ለምሳሌ የሳክስ ስድስት ቫልቭ፣ በእነርሱ ዘንድ ቦታ አልነበረውም። የብሌይክሊ ሥራ ግን ጣትን አይነካም።

ዋጋ የሚያስከፍለው በምንድን ነው?

በመጀመሪያ በክብደትና በአሠራር ውስብስብነት ነው፤ ፒስተኖቹ ብዙ ቀዳዳ ስለሚበሳባቸው ረዘም ማለት አለባቸው፤ ብየዳውም ይበዛል። ሁለተኛው ተጫዋቾች የሚያማርሩበት ነው፦ አራተኛው ቫልቭ ሲጫን አየሩ በቫልቮቹ ሁለት ጊዜ ስለሚያልፍና ጠባብ ማጠፊያዎች ስለሚበዙበት ዝቅተኛዎቹ ኖታዎች ታፍነው ይወጣሉ፤ ትንፋሽም ይጠይቃሉ። በእነዚያ ዝቅተኛ ድምፆች ላይ ብዙ የማይቆይ ተጫዋች ማካካሻ በሌለው ቀለል ያለ መሣሪያ ቢጫወት አልተሳሳተም።

አሮጌ መሣሪያ ሲገኝ ምን ይታያል?

ከሁሉ በፊት የቅኝቱ ከፍታ ነው። በ1939 ለንደን ላይ የተሰበሰበ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ሁሉም መሣሪያ የሚቃኝበት ላ የተባለው ድምፅ በሴኮንድ 440 ጊዜ የሚርገበገብ እንዲሆን ቢስማማም፣ የብሪታንያ የናስ ባንዶች 452 አካባቢ ያለውን ከፍተኛ ቅኝት እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ አልለቀቁም፤ መላውን የባንድ መሣሪያ መቀየር ከአቅማቸው በላይ ነበር። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተሠራ ዩፎኒየም ከዛሬው ቅኝት ግማሽ የግማሽ ድምፅ ያህል ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል። መፍትሔው ዋናውን ተንሸራታች ቱቦ መሳብ ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው፤ 2.8 በመቶ ስለሚያስፈልግ ተንሸራታቹ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሳብ፣ ሁለት እግር ስላለው፣ ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ይጨምራል። ነገር ግን ዋናው ቱቦ ሲረዝም የቫልቮቹ ቱቦዎች በሙሉ፣ የማካካሻዎቹም ጭምር፣ በዚያው 2.8 በመቶ ካልረዘሙ ጉድለቱ በሌላ በር ተመልሶ ይገባል። በጥንቃቄ የተለወጠ መሣሪያ በእያንዳንዱ ተንሸራታች ላይ የተጨመረ የቱቦ ቁራጭ ይታይበታል፤ ዋናው ብቻ ረዝሞ ሌሎቹ እንዳሉ የቀሩበትን መጠርጠር ይገባል።

ቀጥሎ ማውዝፒሱ የሚገባበት ቀዳዳ ይታያል፤ የድሮዎቹ ብሪታንያ ሠራሽ መሣሪያዎች ከዛሬው የሚጠብ መጠን ስለነበራቸው አዲሱ ማውዝፒስ ላይገባ ይችላል።

ማካካሻ መኖሩንና መሥራቱን ለማረጋገጥ ደግሞ ከኋላ ካሉት ትናንሽ ቱቦዎች ተነቃይ የሆነውን፣ ለምሳሌ የአንደኛውን ቫልቭ፣ አውጥቶ መንፋት ይበቃል። አንደኛው ቫልቭ ብቻውን ሲጫን ድምፁ ምንም ሳይለወጥ ይወጣል፤ አራተኛውም ብቻውን ሲጫን እንዲሁ ነው። አንደኛውና አራተኛው አብረው ሲጫኑ ግን አየሩ በተከፈተው ቀዳዳ ወጥቶ ያፏጫል። በዚህ ጊዜ ካላፏጨ፣ ወይም አንደኛው ለብቻው ተጭኖ ሳለ ካፏጨ፣ ፒስተኖቹ ቦታቸውን ተለዋውጠዋል ወይም የውስጥ ቀዳዳዎቹ ከቱቦዎቹ ጋር አልገጠሙም ማለት ነውና መሣሪያው ከመገዛቱ በፊት ለጠጋኝ መታየት አለበት።